ዳንቴል የለበሰው ስክሪን

ልጄ ፈትያ ሰይድ በፈተና ላይ አታላለች ተብሎ ተጽፎባት ነበር። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስልኝ «ተፈታኟ ሁለተኛ ስክሪን ደብቃ ተጠቅማለች» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ስክሪን አንድ ነበር። ሌላው የሞተ ነበር፤ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ታሪኩን ሳይጨርስ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይህችን እንኳ ይዞ እንዲሄድ ነው።

ዘይነብ እባላለሁ። የወሎ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ የመጣሁት ከባለቤቴ ጋር ነበር። እሱ ካለፈ በኋላም ማንጋቴን ሰፈር ያለችውን ሱቃችንን አልዘጋኋትም። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ እሸጣለሁ። ፈትያ የልጄ የሰይድ ልጅ ናት። ሰይድ ሲሞት ገና ዳዴ ትል ነበር። እናቷ ሌላ ትዳር ይዛለች፤ አልወቅሳትም። እኔ ያሳደግኋት ስለሆነ ልጄ እላታለሁ።

በዚያን ጊዜ መጨቃጨቅ እወድ ነበር። ገበያ ውስጥ ሰው ተራውን ሲነጠቅ ካየሁ ጉዳዩ የኔ ባይሆንም እገባበታለሁ። ጎረቤቶቼ «ሃቡባ መሕከማ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ በዚህ አገር አረብኛ አያት ፍርድ ቤት እንደ ማለት ነው። ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። ሲጣሉ ግን ወደ እኔው ይመጣሉ።

ፈትያ ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰች የላቦራቶሪ ሙያ በርቀት የሚያስተምር የውጭ ትምህርት ቤት አገኘች። ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ያለችበት ትንሽ ቢሮ አለው። የመግቢያ ፈተናው ግን በኢንተርኔት ነው። ተፈታኙ ቤቱ ይቀመጣል፤ ባሕር ማዶ ያለ ተቆጣጣሪ በካሜራ ያየዋል።

የምትፈተንበትን ላፕቶፕ የእህቴ ልጅ ከካምፓላ በዕቃ መኪና ልኮላት ነበር። ጫኞቹ ከሳፋ ቁልል ሥር አድርገውት ኖሮ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ደረሰ። ጥቂት ቀን ግማሹ እያሳየ ቆየና ሙሉ በሙሉ ጠቆረ። ቶንፒንግ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን ታምራት የሚባል የአገራችን ልጅ አለ። ጴንጤ ነው፤ ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል። ከፍቶ አየውና «እማማ ዘይነብ፣ የጠፋው ዓይኑ ነው፤ ሆዱ ደህና ነው» አለኝ። ለዚህ ዓይነቱ የሚሆን ስክሪን ጁባ ውስጥ እንደማይገኝ ነግሮን፣ ከተዘጋ ቢሮ የወጣ አሮጌ ሞኒተር ከነኬብሉ ሰጠን። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞኒተሩ ላይ መታየት ጀመረ። ሞኒተሩ እግሩ አጭር ስለነበር ቀይ ሳፋ ደፍቼ አስቀመጥኩበት።

ስክሪኑ ያለበትን የላፕቶፑን ክዳን አልነቀልነውም፤ ካሜራው ያለው ክዳኑ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ስክሪን ከሞኒተሩ በስተግራ ተገትሮ ይውላል። ማየቱ አስጠላኝ። እኛ ቤት ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን ዳንቴል ሳይለብስ አያድርም። ነጭ ክር ገዝቼ በልኩ ሠራሁለትና ከካሜራው ዝቅ አድርጌ አለበስኩት።

ፈትያ ስታየው ሳቀች። «እማ፣ ሙሽራ አስመሰልሽው።»

«ሙሽራ አይደለም፤ ሬሳ ነው። ሬሳ ይሸፈናል» አልኳት።

የፈተናው ቀን ጠዋት፣ ፈጅር ሰግጄ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩና ጄኔሬተሩን እንዳያጠፋ አደራ አልኩት። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ሞኒተሩ የለውም። መብራት ከሄደ ፈትያ ምንም አታይም። ሕጉ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይኖር ስለሚል እኔ በሩን ዘግቼ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ አላውቅም። የተባባሉትን ቃል በቃል የነገረችኝ ፈትያ ናት፤ እኔ የሰማሁት የድምፃቸውን መለዋወጥ ነው።

ሰውዬው በትሕትና ጀመረ። «ክፍልሽን አሳዪኝ» አላት። ላፕቶፑን አንስታ ዙሪያውን አሳየችው።

«የተደረደሩት ምንድን ናቸው?»

«ሳፋዎች ናቸው። የአያቴ የሱቅ ዕቃ ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ሁለተኛ ስክሪን አያለሁ።»

«ሁለተኛ አይደለም። የላፕቶፑ ተሰብሯል፤ የማነበው በዚህኛው ብቻ ነው።»

«መስታወት ካለሽ የላፕቶፑን ፊት አሳዪኝ።»

የግድግዳውን መስታወት አውርዳ ከካሜራው ፊት ያዘችለት። ያየው ነጭ ዳንቴል ነው።

«ስክሪኑ ለምን ተሸፈነ?»

«አያቴ ናት የሸፈነችው። አቧራ እንዳይገባው።»

«የማይሠራ ስክሪን አቧራ ቢገባው ምን ይሆናል?»

ፈትያ «ልማድ ነው» አለችው። በሩ ሥር ሆኜ ድምፅዋ ሲቀጥን ሰማሁ። እጄ እጀታው ላይ ነበር። ከከፈትኩት ግን ሁለተኛ ሰው ገባ ይባላል፤ እጄን መለስኩ።

«ጨርቁን አንሺው።» አነሳችው። «ጠፍቷል፤ አብሪው።»

«አይበራም ጌታዬ።»

የቁልፍ መምታት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ «ጀምሪ» አላት።

ውስጡ ጸጥ አለ። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ጀሪካን ልትገዛ መጣች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በምልክት ሸጥኩላት። የታመመ ሰው ያለ መስሏት በሹክሹክታ «ማሌሽ» ብላ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ በእግሯ ጣት እየረገጠች ሄደች። ልስቅ ስል የሰውዬው ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ትሕትናው የለም።

«ወደ ካሜራው ተመልከቺ።»

«ካሜራው በግራዬ ነው፤ ጥያቄው በቀኜ ነው። ወደ ካሜራው ካየሁ ማንበብ አልችልም።»

«ዓይንሽ ከስክሪኑ ውጪ ነው።»

«ስክሪኔ እሱ ነው።»

ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ቆየ። ከዚያ ሰውዬው እንደሚያነብ ሰው በአንድ ድምፅ ተናገረ። «ሲስተሙ ሁለት ስክሪን ቆጥሯል። በአንደኛው ላይ ያለውን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ፈተናው ተቋርጧል።»

በሩ ተከፈተ። ፈትያ ዳንቴሉን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«አይ እማ፤ ጨረሱኝ።»

ሲመሽ ደብዳቤው በስልኳ ደረሰ። አታላለች፤ ዳግመኛ አትመዘገብም። ይኸው ነው። አላለቀሰችም፤ ራት ግን አልበላችም። እኔም ዳንቴሉን አጥፌ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ይህን ለምን እንዳደረግሁ አላውቅም።

በማግስቱ ላፕቶፑን በአንሶላ ጠቅልለን ራክሻ፣ የአገራችንን ባጃጅ ማለት ነው፣ ተሳፈርን። ቶንፒንግ ቢሮው ደጃፍ ስንደርስ ጥበቃው በሩን በግማሽ ከፍቶ «ሃቡባ፣ ማፊ። ቡክራ» አለኝ። ማንም የለም፣ ነገ ነይ ማለቱ ነው።

«ቡክራ ስትል እውነተኛውን ነገ ነው ወይስ ሂጂልኝ ማለትህ ነው?» አልኩት በዚያች ባለችኝ አረብኛ። ሳቀና የራሱን ወንበር አመጣልኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ስል እንደማልነሳ የገባው ያኔ ነው መሰለኝ፤ ሄዶ ሠራተኛዋን ጠራልን።

የመጣችው ረጅም ወጣት ሴት ናት። ኛማል ትባላለች፤ ኑዌር ናት፣ ያደገችው ግን ጋምቤላ ነው። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። «እማማ፣ ሰላም ነዎት? ይግቡ፣ ፀሐይ ነው» አለችኝ። ደብዳቤውን አንብባዋለች። ከልቧ አዝና «እኔ ወሳኝ አይደለሁም» አለች።

«ወሳኝ አልፈልግም፤ የሚቆጥር ሰው ነው የምፈልገው። ላፕቶፑ ይኸው። ስክሪኑ ስንት ነው?»

ኛማል ላፕቶፑን ከራሷ ሞኒተር ጋር አገናኘችው። ፈትያ የስክሪኖቹን ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ ከፈተችላት። ሁለት አራት ማዕዘን ሥዕል ወጣ፤ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት የሚል ቁጥር አለ።

«ይኸው እማማ። አንድ፣ ሁለት።»

«ሁለተኛው ምን ያሳያል?»

ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ስክሪን አየችው፤ ስንጥቁን በጣቷ ነካችው። «ምንም።»

«ታዲያ ምኑ ተቆጠረ?»

«መኖሩ» አለች።

ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ የሚሻለውን ልንገርዎት» አለች። «ፈትያ በሌላ ኢሜይል ትመዝገብ። በአባቷ ስም ፋንታ የአያቷን ስም ታስገባ። ሲስተሙ አዲስ ሰው ናት ብሎ ይቀበላታል። እዚሁ በኔ ኮምፒውተር ትፈተናለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ታልፋለች። ያለፈው ይረሳል።»

ክፋት አልነበረባትም። ይህን ለመናገር እንጀራዋን አደጋ ላይ እየጣለች መሆኑ ገብቶኛል። ፈትያ ቀና ስትል ፊቷ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ አየሁ።

«አይሆንም» አልኩ። «ትናንት አላታለለችም። የምታታልለው ይህን ያደረገች ለታ ነው።»

«እማ» አለች ፈትያ። «ፈተናው የኔ ነው ወይስ ያንቺ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«አንቺ ክርክሩን ነው የምትወጂው። እኔ መማር ነው የምፈልገው። ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ ሃቡባ መሕከማ ሲልሽ አንቺ ደስ ይልሻል፤ እኔ ግን ባልዲ ስሸጥ ልኖር ነው?»

ይህን ሁሉ የተናገረችው ሳትጮህ ነው። ብትጮህ መልስ አላጣም ነበር። አውሮፕላን ከጣራው በላይ አለፈ፤ እዚያ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ያ አውሮፕላን ባያልፍ ኖሮ ምን እላት እንደነበር አላውቅም። ጸጥ ሲል «እሺ፤ አንቺ ወስኚ። እኔ ደጅ ልውጣ?» አልኳት።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። ብዙ አሰበች። ከዚያ ወደ ኛማል ዞራ፣ «ስጨርስ ዲፕሎማው ላይ ማን ተብሎ ይጻፋል?» አለቻት።

«በተመዘገብሽበት ስም።»

«ሰይድ የሚል አይኖርም?»

«አይኖርም።»

ፈትያ አባቷን በፎቶ ነው የምታውቀው። ስለ እሱ ብዙ አናወራም። የላፕቶፑን ገመድ መጠቅለል ስትጀምር «ይቅርብኝ» ማለቷ መሆኑን ሁለታችንም ተረዳን። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን እጇ ቆመ።

«ኛማል፣ ስክሪኑ ጭራሽ ባይኖር ስንት ይቆጥራል?»

«የት ሄዶ?»

«ተነቅሎ።»

ኛማል አሰበች። «አንድ ይቆጥር ይሆናል። ግን ካሜራውም አብሮ ይሄዳል እኮ። ላፕቶፑም ከነአካቴው ሊሞትብሽ ይችላል።»

«መጀመሪያ ይህን ፎቶ አንሺልን» አለች ፈትያ። ገመዱን መልሳ ሰካች። ኛማል ሞኒተሩ ላይ የሚታየውን፣ ሁለት የሚለውን ቁጥር፣ ጥቁሩንም ስክሪን አነሳች።

የታምራት ሱቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ሄድን። ሲሰማን ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«ፈትያ፣ ይህ ጥገና አይደለም። ክዳኑ ሲነቀል ሌላም ነገር አብሮ ሊበጠስ ይችላል። ከሞተ ሌላ ላፕቶፕ አላችሁ?»

«የለንም» አልኩ።

«እንግዲያው ልጸልይበት?»

«በካቻቢቴህ ጸልይ» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ። እኔም በልቤ ቢስሚላህ አልኩ። ብሎኖቹን እያወጣ ክዳን ላይ ይደረድራል። ፈትያ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ትከተላለች። ስሱን ሽቦ ነቀለ። ከዚያ ክዳኑ ከነጥቁር ስክሪኑ፣ ከነካሜራው በእጁ መጣ። የቀረው የፊደል ሰሌዳ ያለው ጠፍጣፋ ነገር፣ መክተፊያ ይመስላል።

ከሞኒተር ጋር አገናኘውና ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም። እንደገና ተጫነ። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ዞራ ቆመች። ታምራት አላንጎራጎረም።

«ታምራት» አለች ፈትያ።

«ቆይ።»

አንድ ሽቦ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሦስተኛውን ሲጫን ማራገቢያዋ ዞረች፣ አልቆመችም። ሞኒተሩ ግን እንደጨለመ ነው። ሞኒተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ከጥጉ ላይ ብልጭ አለች፤ ፊቱም ቀስ እያለ በራ። ፈትያ ያንን ገጽ ከፈተች። አንድ አራት ማዕዘን። አንድ የሚል ቁጥር።

ፈትያ ይህንንም በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ታምራት ክዳኑን ሲሰጠኝ ከቦርሳዬ ዳንቴሉን አውጥቼ ጠቀለልኩበት።

ቢሮው ስንመለስ ኛማል ባሕር ማዶ ያለችውን የፈተና ኃላፊ በኮምፒውተሯ ጠርታ ጠበቀችን። መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ወደ እኔ ይጠጋል። ኛማል ከጎኔ ተቀምጣ አስተረጎመች። ፎቶዎቹን ላከችላት፤ ክዳኑ የተነቀለውንም ላፕቶፕ አሳየቻት።

«ይህ ዛሬ አንድ መሆኑን ያሳያል። ትናንት አንድ እንደነበር አያሳይም» አለች ሴትዮዋ።

ኛማል ስትተረጉምልኝ ወደ እኔ አላየችም። ልጮህ ነበር። አፌን ከፍቼ የፈትያን እጅ አየሁ፤ ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እንዲህ በይልኝ» አልኳት ኛማልን። «ከመነቀሉ በፊት ልጄ በሞኒተሩ ላይ የምታየው ፎቶ ይኸው። ከተነቀለ በኋላ የምታየው ይኸው። ከቁጥሩ በቀር ምን ጎደለ?»

ሴትዮዋ ሁለቱን ፎቶ ደጋግማ አየች።

«ምንም ካልጎደለ የተነቀለው ምንም አልነበረም። ሲስተማችሁ የሞተ ቆጥሯል።»

ክዳኑን ከዳንቴሉ አውጥቼ ወደ ካሜራው አስጠጋሁላት። ስንጥቁ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። ሴትዮዋ መነጽሯን አስተካከለች።

«ጨርቁስ?» አለች። «ተቆጣጣሪው ከሁሉም በላይ የጻፈው ስለ ጨርቁ ነው። የማይሠራ ነገር ለምን ይሸፈናል?»

«በእናንተ አገር የሞተ አይሸፈንም?» አልኩ።

ኛማል ወደ እኔ ዞረች። «እንዲሁ ልተርጉመው?»

«እንዲሁ።»

ተረጎመችው። ሴትዮዋ ወደ ጎን አየች። «ይሸፈናል» አለች በመጨረሻ። ከዚያ እንመረምረዋለን፣ መልሱ በቢሮው በኩል ይደርሳችኋል ብላ ተሰናበተች።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይ ወደ ጀበል ኩጁር ተራራ ጋደል ብላ ነበር። ራክሻው ውስጥ ፈትያ ክዳኑን እቅፏ ላይ አድርጋለች።

«ትክክል ነሽ፤ ክርክር እወዳለሁ» አልኳት።

«ዛሬ ግን አልጮህሽም» አለችኝ።

«ስላየሁሽ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነበር። ጠበቅን። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። ፈትያ ሱቅ ውስጥ ባልዲ እየሸጠች ካሜራ በሌለው፣ ክዳን በሌለው ላፕቶፕ ማጥናቷን አላቋረጠችም። ጎረቤት ሲያየው ይስቃል፤ «ጭንቅላቱ የት ሄደ?» ይላታል። «አያቴ ቆረጠችው» ትላለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይህ ነገር በእኔ ላይ ምን ለወጠ ብትሉኝ ልንገራችሁ። ድሮ ፍትሕ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም አልፎ አልፎ እጮኻለሁ፤ ግን አስቀድሜ የተበደለውን ሰው «ምን ላድርግልህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ምንም» ይለኛል። ያኔ እቀመጣለሁ፤ መቀመጡ ከመጮህ ይከብደኛል። ሌላም አለ። ማሽኑ እንዲህ አለ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ምን እንደቆጠረ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። በዚህ ከተማ አዲስ ዕቃ የሚገዛ ጥቂት ነው፤ የተሰበረውን አገጣጥመን ነው የምንኖረው። ያልተሰበረ ዕቃ ያለው ሰው ባወጣው ሕግ ሲለካ የኛ ቤት ሁሉ ማታለል ይመስላል።

ፈትያ አለፈች ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። በኋላ በኛማል ቢሮ ተፈተነች፣ በገዛ ስሟ፤ አሁን ትማራለች። ይህን የጻፍኩት ግን ስለ ማለፏ አይደለም። ብትወድቅም እጽፈው ነበር።

መልሱ የመጣ ቀን ሱቁ ደጃፍ ምንጣፍ እያራገፍኩ ነበር። ኛማል በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ መጣች፤ በስልክ ልትነግረን ስትችል ራሷ መጣች። ፈትያን ጠራኋት። ኛማል አቧራዋን ሳታራግፍ ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነበበችው። የፈትያ ትከሻ ከውጥረቱ ሲላላ አየሁ፤ ቢሆንም በራሴ ጆሮ መስማት ፈለግሁ።

«በአማርኛ» አልኩ።

ኛማል ቀስ ብላ፣ ቃል ሳትዘል ነገረችኝ፦

«የፈትያ ሰይድን ፈተና እንደገና መርምረናል። በዕለቱ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ስክሪን አንድ ነበር።»